ሌባ ጣት ሬን ስትሰርቅ

የልጄን የሙዚቃ ኪቦርድ ከአሜሪካ ያመጣላት ወንድሜ ነው። በካርቶን ታሽጎ እንደ አንድ ሻንጣ ተቆጥሮ ነው የመጣው፣ 61 ቁልፍ ያለው፣ መካከለኛ ሚባል አይነት። ልጄ ያኔ 5 አመት ተኩል ምናምን ነበረች፣ ሲከፈት ከኪቦርዱ ይልቅ ካርቶኑን ወደደችው፣ ገብታ ተኛችበት። የፈነጠዝኩት እኔ ነኝ። እኛ ልጅ ሆነን ፒያኖ ሚባል ነገር ቲቪ ላይ ካልሆነ የት አይተን፣ ትምህርት ቤታችን ውስጥ የነበረው የሙዚቃ መሳሪያ አንድ ከበሮ ነው፣ እሱም የሚወጣው ለወላጆች ቀን ብቻ።

ወዲያው ልሰካው አልኩ። መሰኪያው ጠፍጣፋ ስለሆነ በመቀየሪያ ሰካሁት፣ በራ፣ ልጄ አንዴ በመዳፏ ዱም አደረገችው፣ ከዛ ከአዳፕተሩ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣና ድርግም አለ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። አዳፕተሩ ጀርባ ላይ ጉንዳን በምታክል ፊደል ተጽፏል፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። (ዘመድ ኪቦርድ እየላከላችሁ ያላችሁ ሰዎች፣ ጀርባው ላይ 100-240 ካለ ሰላም ነው፣ 120 ብቻ ካለ ሶኬት አታስጠጉት።) ኪቦርዱ ራሱ ግን ተረፈ፣ ገልብጬ ሳየው በ6 ትልልቅ የባትሪ ድንጋይም ይሰራል። ያ ድንጋይ በኋላ እንዴት እንደጠቀመን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ያገኘነው አስተማሪ በጣም ጎበዝ ተጫዋች ነው፣ እሱን አልክድም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ነበር ምወስዳት። ወር ሙሉ ያስተማራት ግን ኖታ የሚጻፍበትን አምስቱን መስመር፣ የኖታ ስም፣ ከዛ ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ወደላይ፣ ሶል ፋ ሚ ሬ ዶ ወደታች፣ በቃ። ስትሳሳት ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ ኳ ያደርጋል። አልመታትም፣ አልጮኸባትም፣ ኳ ብቻ። አራተኛው ቅዳሜ ላይ ጫማዋን አላደርግም ብላ በር ላይ ተቀመጠች። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ ከሱ ባልተናነሰ ሳበላሽባት ከርሚያለሁ፣ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ «ሆምወርክ አለሽ? ኪቦርድሽንስ ተለማመድሽ?» በአንድ ትንፋሽ። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ኪቦርዱ ከሂሳብ ደብተር ጋር አንድ ቅርጫት ውስጥ ገባ። ለሁለት ወር ያህል ጨርቅ አልብሼ አስቀመጥኩት፣ ላዩ ላይ የታጠበ ልብስ መቆለል ሁሉ ጀመርን።

ሁለተኛውን አስተማሪ ያገኘሁት በሰው በሰው ነው፣ ገና ሙዚቃ የሚማር ልጅ ነው፣ ቤት እየመጣ ያስተምራል። መጀመሪያ ቀን ሲመጣ ልብሱን አንስቼ ኪቦርዱን ስከፍትለት «ድንጋይ አለው?» አለና አበራው፣ ከዛ ልጄን ምንም ሳይላት ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ኪቦርዱንም ወለሉ ላይ አውርዶ ግራው ጫፍ ላይ ያሉትን ወፍራም ድምጾች በቀስታ ዱ... ዱ... ዱ... ማድረግ ጀመረ። «ማን እየመጣ ነው?» አላት። ዝም። እንደገና ዱ... ዱ...። «ጅብ» አለች ከሶፋው ጀርባ። «አህያዋስ የት ናት?» ሲላት መጥታ መሃሉን ነካችው። ወፍ ቀኝ ጫፍ ላይ፣ ጫጩት ከወፍ ትንሽ ዝቅ ብላ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሙሉ ጫካ ሰሩ። የዛን ቀን ኖታ ሚባል ቃል አልተነሳም። እኔማ ወጥ ቤት ሆኜ «ለዚህ ነው ምከፍለው?» ብያለሁ በሆዴ፣ አልዋሽም።

ግን ልጅቷ ማታ እራት ሳትበላ ወደ ኪቦርዱ ተመልሳ ሄደች። ማንም ሳይላት።

ከዛ ከጣቶቹ ጀመሩ። ፒያኖ ላይ ጣት ቁጥር አለው፣ አውራ ጣት 1፣ ትንሿ ጣት 5፣ በሁለቱም እጅ እንደዛው ነው። ሌሎች አገር ልጆች ቁጥሩን ብቻ ነው ሚሸመድዱት መሰለኝ፣ እኛ ግን 2 ቁጥር ላይ ሀብት አለን፣ ሌባ ጣት! ልጄ ሌባ የምትል ጣት እንዳላት ያን ቀን ነው የሰማችው። አውራ ጣት ዶ ላይ ሲቀመጥ ሌባ ጣት ሬ ላይ ነው ምትወድቀው፣ ስለዚህ ጨዋታው ምን ሆነ መሰላችሁ፣ አውራ ጣት ቤቱን ይጠብቃል፣ ሌባዋ ቀስ ብላ ሬን ሰርቃ ትመለሳለች፣ ዶ ሬ ዶ፣ ዶ ሬ ዶ፣ አውራ ጣት ከነቃ (ማለትም ሳትፈልግ ከተነሳ) ሌባዋ ተያዘች። እዩት እንግዲህ፣ ይሄ ያኛው አስተማሪ ወር ሙሉ «ሌላ ጣትሽን አታንሺ» ሲላት የነበረው ነገር ነው። የእጅ አያያዙንም «ሎሚ እንደያዝሽ» አላት፣ እውነተኛ ሎሚ ከወጥ ቤት አምጥተን አስያዝናት፣ ሎሚው ሲወጣ ቅርጹ ይቀራል። አሁን እጇ ሲዘረጋ «ሎሚሽ ወደቀ» ማለት ይበቃል።

ቁልፎቹን ማወቅ ላይ ደሞ እኔ ከኦንላይን ፊደል ያለበት ስቲከር ገዝቼ ሁሉም ነጭ ላይ ለጥፌ ነበር፣ ትልቅ ስራ የሰራሁ መስሎኝ። ሁለት ችግር አመጣ። አንደኛው፣ ልጄ ስቲከሩን ነው ምታነበው እንጂ ኪቦርዱን አታይም። ሁለተኛው የኛው አገር ችግር ነው፣ ዩቲዩብ ላይ ያለው ሰውዬ ዶን «ሲ» ይለዋል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚጠሩ፣ አስተማሪዋ ደግሞ «ሲ» ሲላት ከላ ቀጥሎ ያለውን ነው፣ ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ። አንድ ሲ እዚ፣ አንድ ሲ እዛ፣ ጎን ለጎን ናቸው ደግሞ። ልጅቷ «ማሚ ሲ የቱ ነው?» ትለኛለች፣ እኔ ራሴ ተምታታብኝ። በመጨረሻ ስቲከሩን በሙቅ ውሃ ላጥነው፣ ዶ ሬ ሚን መረጥን ምክንያቱም ይዘፈናል፣ ኤ ቢ ሲውን ስታድግ ትደርስበታለች።

ያለ ስቲከር እንዴት ታገኘዋለች ካላችሁ፣ በጥቁሮቹ ነው። ጥቁሮቹ ሁለት ሁለት እና ሶስት ሶስት ሆነው ነው የተደረደሩት፣ ሁለቱን «መንታ» አልናቸው፣ ሶስቱን «ጉልቻ»። የኛ ኪቦርድ ላይ 5 መንታ 5 ጉልቻ አለ፣ 25 ጥቁር፣ 36 ነጭ። ዶ ማለት ከመንታዎቹ በር ላይ በግራ በኩል የቆመው ነው፣ ፋ ከጉልቻው በግራ። ይሄን ካወቀች በቃ፣ አይኗን ጨፍና በእጇ ዳብሳ ታገኘዋለች። «ሁሉንም ዶ ልቀሚልኝ» ስንላት 6 ለቀመች፣ መጨረሻ ቀኝ ጫፍ ላይ ያለውን ግን ብዙ ካመነታች በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ኪቦርዱ እዛ ያልቃል፣ ቀጥሎ መንታ የለም። «ይሄኛው ዶ መንታዎቹ ገና አልተወለዱም» አለች። አስተማሪው እስካሁን ለሌሎች ተማሪዎቹ ይሄንኑ ነው ሚያወራው አሉ።

መብራት የጠፋ ጊዜ ነው ትልቁ ነገር የመጣው። አዳፕተሩ ስለተቃጠለ የኛ ኪቦርድ ሁሌም በድንጋይ ነው ሚሰራው፣ ስለዚህ ሰፈሩ ጨልሞ ቲቪ የለ፣ ዋይፋይ የለ፣ ያለው ኪቦርድ ብቻ ነው። እናቴ (ልጄ እማማ ነው ምትላት) ሻማ አብርታ ተረት ልታወራ ነው፣ «ተረት ተረት» አለች፣ «የላም በረት» አልን፣ እና ልጅቷ ኪቦርዱን ጎትታ አጠገቧ አመጣችና ጅቡ ሲመጣ ዱ ዱ፣ አህያዋ ስትሮጥ መሃል ላይ ተከተከተከ፣ ጅቡ ገደል ሲገባ ከላይ እስከ ታች በአንድ ጣት ፍርርርር። እናቴ መጀመሪያ ቆጣ አለች፣ «ላውራበት እንጂ» ብላ፣ ከዛ ራሷ ጠበቅ ማድረግ ጀመረች፣ «ጅቡም ቀስ ብሎ... ቀስ ብሎ...» ትልና ወደ ልጅቷ ታያለች፣ ልጅቷ ደሞ እንደሚገባው ቀስ አድርጋ ትነካለች። ድምጽን ቀስ አርጎ መንካት፣ ጠንከር አርጎ መንካት፣ ማፍጠን፣ ዝም ማለት፣ ይሄ ሁሉ የጣልያንኛ ስም አለው ፒያኖ ፎርቴ ምናምን እየተባለ፣ እሷ በአንድ ማታ ከጅብ ተማረችው። አሁን መብራት ሲጠፋ ቤታችን ውስጥ እልል ሚል ሰው አለ። በጨለማ ስለሆነ ደግሞ መንታና ጉልቻን በዳበሳ ማግኘት ግድ ነው፣ በዛውም ልምምድ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁ፣ ይሄ ለኛ ለሀበሾች ስጦታ ነው። ጥቁሮቹን ብቻ ብትነኩ፣ ነጩን ጭራሽ ሳትነኩ፣ ምታገኙት የትዝታን ቅኝት ነው። ከጉልቻው የመጀመሪያው ላይ ጀምራችሁ ሶስቱን፣ ቀጥሎ መንታዎቹን፣ አምስት ድምጽ፣ ትዝታ ሜጀር። አንድ የ6 አመት ልጅ ጥቁሮቹ ላይ የፈለገችውን ብትነካ አይሳሳትም፣ ሁሉም ያምራል። አስተማሪው በግራ እጁ ወፍራም የሆነ ነገር እየደጋገመ ይይዝላታል፣ እሷ እንደፈለገች ትንከራተታለች፣ ጎረቤት ቢሰማ የሰለጠነች ነው ሚመስለው። አምባሰል የሚባለው ቅኝት ደግሞ ነጮቹ ላይ አለ፣ ሚ ፋ ላ ሲ ዶ፣ ሞክሩት፣ እኔ ስሰማው ጸጉሬ ነው የቆመው፣ ያ ሁሉ ዘመን የሰማሁት ዜማ አምስት ነጭ ቁልፍ ላይ ተቀምጦ።

በዚሁ ሰበብ የፒያኖ ተጫዋቿን የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ቪዲዮ አሳየኋት። በ1923 በፈረንጆቹ ተወልደው በ2023 እየሩሳሌም ውስጥ በ99 አመታቸው ያረፉትን። ልጄ ቆባቸውን አይታ «መነኩሴም ፒያኖ ይጫወታል እንዴ?» አለችኝ፣ ከዛ ዝም ብላ ሰማች፣ ከዛ «እሳቸውም ጥቁሮቹን ይወዳሉ?» እውነቱን ለመናገር የቱን እንደሚነኩ አይቼ አልነገርኳትም፣ ትዝታውን ግን በጆሮዋ ለይታዋለች ማለት ነው፣ ለኔ ያ ይበቃኛል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ስናጸዳ እሳቸውን ነው ምንከፍተው። ልጆች ያልሰሙትን ነገር እንዲጫወቱ መጠበቅ አማርኛ ሳይሰሙ አማርኛ ተናገሩ እንደማለት ነው።

ምቱ (ሪትሙን ማለቴ ነው) በምግብ ነው የተማረችው። «ወጥ» አንድ ጭብጨባ። «ሽሮ» በዛው አንድ ጭብጨባ ውስጥ ሁለት። «እንጀራ» ሶስት። «ማካሮኒ» አራት። እራት ሰአት ላይ ጠረጴዛውን እየመታን እናወራለን፣ «ሽሮ ሽሮ ማካሮኒ ወጥ»፣ እሷ ትላለች፣ እኔ በእጄ እመልሳለሁ። «እንጀራ እንጀራ» እያልሽ ቶሎ ቶሎ ብትይው ስድስት ይሆንና ችክችካው ይመጣል፣ ትከሻ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ባሌ ምንም ሙዚቃ የማይገባው ሰው ነው፣ ሽሮና ማካሮኒ ላይ ግን ከሁላችንም ይበልጣል፣ በሁለቱም ትርጉም።

መድገም ግን መድገም ነው፣ እሱን ማንም አያመልጠውም። አንድ ቀን አልችልም ብላ ስታለቅስ እናቴ የቅዱስ ያሬድን ትል አወራችላት፣ ዛፍ ላይ ሊወጣ ስድስቴ ወድቆ በሰባተኛው የወጣውን። እንባዋን ጠርጋ «እሺ፣ ስለዚህ ሰባቴ ብቻ ነው ምሰራው» አለች። ተዋዋልን! ሰባት ፍሬ ቆሎ በአንድ ሲኒ ውስጥ እናስቀምጣለን፣ አንዴ በተጫወተች ቁጥር አንድ ፍሬ ትበላለች፣ ሲያልቅ አለቀ፣ አንድም አልጨምርም። ብትሳሳትም ትበላለች፣ እዚ ላይ አስተማሪው አጥብቆ ነው የነገረኝ፣ ስትሳሳት ከከለከልኳት ነገ ሲኒውን ራሱ ትጠላዋለች። መጀመሪያ አካባቢ ጀርባዬን ሳዞር ሰባቱንም ውጣ ጠበቀችኝ። አንዴ ደግሞ የኑግ ፍሬ ቁልፎቹ መሃል ገብታ አንዱ ላ ለሳምንት ያህል እንደተጫነ ቀረ፣ በወስፌ ነው ያወጣነው። ከዛ ወዲህ ኑግ የሌለው ቆሎ ብቻ፣ ስንዴና ሽምብራ።

ሰአቱ ላይ የኔ ሀሳብ ይሄ ነው፣ ለ6 አመት ልጅ 10 ደቂቃ ትልቅ ነገር ነው፣ ሰባት ቆሎ አንዳንዴ በ5 ደቂቃ ነው ሚያልቀው፣ ይለቅ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሻላል ቅዳሜ አንድ ሰአት ከማስቀመጥ። ማታ ከሰርቪስ ወርዳ ደክሟት እያለ ፈጽሞ አልሞክርም አሁን። ጠዋት ፍርፍር እስኪደርስ ነው ምትጫወተው፣ በፒጃማ። ታች ያሉት ጎረቤታችን ጋሼ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝተውኝ «ጠዋት ጠዋት ደወል ሳያስፈልገኝ ነው ምነሳው» አሉኝ፣ ምስጋና ይሁን አቤቱታ አልገባኝም፣ ድምጹን ቀንሰነዋል።

እና እኔስ? አስተማሪው አንድ ቀን «ለምን እርስዎም አይቀመጡም?» አለኝ፣ (አንቱ ሲለኝ አርጅቼ አረፍኩት) ተቀመጥኩ። የኔ ጣት እንጨት ነው። ቀለበት ጣቴ ብቻዋን አልነሳም አለች፣ ትንሿን ይዛ ነው ምትነሳው። ልጄ እጄን ይዛ «ማሚ ሎሚሽ ወደቀ» ስትለኝ፣ «ሌባሽ ተያዘች፣ እንደገና» ስትለኝ፣ ፊቷን ብታዩት። እስከዛን ቀን ድረስ ቤት ውስጥ እሷ ማታውቀውን እኔ ማውቅበት ነገር ሁሉ ነው የነበረው፣ ማንበብ፣ መቁጠር፣ ጫማ ማሰር፣ ሁሉም። ይሄኛው ላይ እሷ ናት አለቃ። ለኔም ቆሎ ትቆጥርልኛለች፣ ለኔ ስምንት ነው ሚሆነው ትልቅ ስለሆንኩ። ስታስተምረኝ የምትሰራው ብዛት ለራሷ ከምትሰራው ይበልጣል፣ ይሄን ሳይ ነው አስተማሪው ተንኮለኛ መሆኑ የገባኝ። «ተለማመድሽ?» ማለት ካቆምኩ አመት ሊሞላኝ ነው፣ አሁን «ዛሬ ታስተምሪኛለሽ?» ነው ምለው።

ዘገየች ወይ ቀደመች ሚለው ደግሞ ብዙ አያስጨንቀኝም። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ ልጅ ሆኖ ክራር ነበር ሚጫወተው፣ ፒያኖን ያገኘው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ በ16 አመቱ ነው፣ ከዛም ቡልጋሪያ ድረስ ሄዶ ተማረ። የኔዋ 16 እስኪሞላት ገና ብዙ ቆሎ አለ።

ባለፈው እንቁጣጣሽ የፎቁ ሴት ልጆች አበባየሆሽ ሊሉ ሲዘጋጁ ሳሎናችን ውስጥ ነበር የተለማመዱት። ከነሱ ሁሉ ትንሿ የኔ ናት፣ ግጥሙን ሙሉ አታውቀውም። ትልልቆቹ ሲያወጡ እሷ ጥቁሮቹ ላይ ሁለት ድምጽ መርጣ «ለምለም» ሚለው ጋር ብቻ ትገባለች፣ ለም-ለም፣ ለም-ለም፣ አንዴም አላመለጣትም፣ እያጨበጨቡ ሲያፈጥኑባት አብራ ፈጠነች። አንዷ ትልቅ ልጅ «እኔም ልሞክር» ብላ ስትቀመጥ ልጄ ምን ብትላት ጥሩ ነው፣ «መጀመሪያ ሎሚ አምጪ»።

ግራ እጇ ግን ገና ነው። ጅብ ከመሆን ውጪ ሌላ ስራ አይፈልግም። ሁለቱንም እጅ አንድ ላይ ስንል ግራው ቀኙን ይኮርጃል፣ ወይ ዝም ብሎ ጭኗ ላይ ይቀመጣል። አስተማሪው ማክሰኞ ሲመጣ ለግራ እጅ ብቻ የሚሆን ተረት አዘጋጅቻለሁ ብሏል፣ ዝሆን አለበት አሉ። እኔ እስከዛ 6 ድንጋይ መግዛት አለብኝ፣ ከትናንት ጀምሮ ድምጹ እየሰነፈ ነው፣ ጅቡ ጉንፋን የያዘው ይመስላል።